እሬት በንግሥቴ ደጅ

ንግሥቴ ለጽጌረዳ ውኃ መሸከም የተወችው ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ሐሩር ነው። ቢጫውን ጄሪካን ከጀርባዋ አውርዳ ደጇ ላይ ዘጭ አደረገችውና በቁማቸው የደረቁትን የባሏን ጽጌረዳዎች ትክ ብላ አየቻቸው። ላህ ወንዝ ድረስ ወርዳ፣ ዳገቱን ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጥታ ያጠጣቻቸው ጽጌረዳዎች ቅጠላቸውን ጠቅልለው፣ እንዳኮረፈ ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። "ከእንግዲህማ ወገቤን ለእናንተ አልገብርም" አለቻቸው። ለተክል ነው እንግዲህ ይህን የምትለው። ንግሥቴ እንዲህ ናት፤ ያናደዳት ነገር ጆሮ ይኑረው አይኑረው አትመረምርም።

ጽጌረዳዎቹን የተከላቸው ባሏ መምህር ይርሳው ነበር። በሕይወት ሳለ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ሁሉ አበባ ሊለምን እሱ ደጅ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ቧንቧው ይመጣል፤ ልጅም ቤት አለ፤ እሱም ጉልበት አለው። አሁን ይርሳው አፈር ገብቶ፣ ልጇ ጌታሁን ሥራ ይዞ ቡሬ ቀርቶ፣ ቧንቧው ደግሞ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ሳምንት የሚጠፋ ሆኖ፣ የበጋው ጣጣ በሙሉ በእሷ ጀርባ ላይ ወደቀ። አላፊ አግዳሚው ታዲያ አያዝንላትም፤ "የይርሳውን አበባ አደረቀችው" ብሎ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። ከንፈር ለመምጠጥማ ማን ይሰንፋል። አንድ ጄሪካን ልያዝልሽ ያላት ግን የለም።

ንግሥቴ ስፌት ሰፊ ናት። ከሽንዲ ድረስ የሚመጡ የሙሽራ እናቶች የእሷን ሞሰብ ካላገኘን ብለው ደጇን ይጠናሉ፤ ቀለም አዋደዷ ሌላ ነው። እና ያን ዕለት ማታ በር ላይ ተቀምጣ ሰደድ ስትሰፋ፣ ወስፌዋን እንደያዘች አንድ ሐሳብ መጣባት። ይኼ የምሰፋበት አክርማ፣ ይኼ ስንደዶ፣ ማን አጠጥቶት ነው ያደገው? መንገድ ዳር በቅሎ፣ ከብት እየረገጠው፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይ እየጠበሰው ወይ ፍንክች አይልም። እኔ ታዲያ ምን ቆርጦኝ ነው ሞቼ ልገኝ የሚልን ተክል የምለማመጠው? ወስፌዋን ሰደዱ ላይ ሰክታ ብቻዋን ሳቀች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ ገና ውኃ ሳይጠማው፣ ደረቆቹን ጽጌረዳዎች ነቃቅላ ሥራዋን ጀመረች። ስፌት ከእምብርቱ ይጀመራልና ግቢዋንም ከእምብርቱ ጀመረችው። መሐል ላይ ካስማ ተክላ፣ ገመድ አስራ፣ ገመዱን እያረዘመች፣ እየዞረች መሬቱን በእንጨት ጫረችው። ከአጥሩ በር ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ እንደድሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ከእሱ የሚገነጠል ቀጭን መንገድ ግን እንደ ሞሰብ ዙር እየተሽከረከረ መሐል ድረስ ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዙር በዙር ተከለች። አጥሩ ሥር ቁልቋል አቆመች፤ ከፊቱ ብርቱካንማ አበባውን አናት በአናት የሚደራርበውን የፈረስ ዘንግ ደረደረች። ቀጥሎ የስንደዶና የአክርማ እግር እያፈራረቀች ተከለች፤ ነፋስ በነካው ቁጥር አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ይነሳል። ከእነሱ ወዲህ አመድማው አሪቲ መጣ፤ ከአሪቲው ወዲህ ጤና አዳም፤ መሐል ሲቃረብ ደግሞ ጦስኝ በድንጋይ መሐል እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሻካራው ከለስላሳው፣ ሹሉ ከድብልብሉ እንዲጎራበት አድርጋ ነው የሰፋችው። አፈሩን በገረጋንቲና በጥቁር ድንጋይ ሸፈነችው፤ እርጥበቱን ፀሐይ እንዳይመጥባት ነው።

እምብርቱ ብቻ ባዶ ቀረ። እዚያ ላይ የፈለገችው ቀይ ነው፤ በበጋ ሆድ ውስጥ የሚቀላ፣ ከመንገድ የሚታይ ቀይ።

የይርሳው ሙት ዓመት የሆነ ዕለት ጸሎተ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ንግሥቴ መቃብሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። በቀብሩ ሰሞን በእጇ የተከለችለት እሬት ተዋልዶ ተባዝቶ የመቃብሩን ድንጋይ እየገፋ ነበር። በእነሱ አገር እሬት የሙታን ነው። ማንም ሳያጠጣው አረንጓዴ ሆኖ ስለሚከርም ሰው ለሞተበት ዘመዱ መቃብር ላይ ይተክልለታል፤ ከመቃብር ቆርጦ ወደ ቤቱ የሚያመጣ ግን የለም፤ አንድም ቀን ታይቶ አይታወቅም። ንግሥቴ ጎንበስ አለችና አንዱን ግልገል ከነሥሩ መዝዛ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። አልተደበቀችም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በምእመን መሐል ይዛው ወጣች። እንደ ሌባ ተሸማቅቃ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ወሬው ያንስላት ነበር። እሷ ግን ምን አጠፋሁና ብላ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሰውን ያበሸቀውም ይኼው ነው።

ዘንድሮ በጋው ከረረ። የበልጉ ዝናብ የውኃ ሽታ ሆነ። የፍኖተ ሰላም ግቢ ሁሉ አመድ መሰለ፤ የሰዉ ጎመን አረረ፤ ባጃጅ ያስነሳው አቧራ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት ተጋገረ። የንግሥቴ ግቢ ግን ያን ጊዜ ነው ነፍስ የዘራው። ስንደዶው ወርቅ መሰለ፤ አሪቲው አነጣ፤ የፈረስ ዘንጉ ብርቱካኑን ደረደረ፤ መሐል ላይ ደግሞ ያ እሬት እሾሃሙን ቅጠል ከፍቶ ከመሐሉ ቀይ አበባውን ቀጥ አድርጎ አወጣው። አንዲት ባልዲ ውኃ አላፈሰሰችበትም። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ "ደህና አደርክ" ትለዋለች። ማንን እንደምትል እሷ ታውቃለች።

ጉዱ የፈላው አበባው ከአጥሩ በላይ ሲታይ ነው። "ንግሥቴ መቃብሩን ቤቷ አመጣችው" ተባለ። "ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል" ያለም አለ። ወሬው ቡሬ ለመድረስ አልዘገየም፤ ጌታሁን ደወለ።

"እማ፣ ፕሊዝ ንቀይው። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ጆሮ አለኝ።"

"እኔ መጥቼ ግቢውን ታይል አስነጥፍልሻለሁ። ንጹሕ፣ ዘመናዊ ይሆናል። ድካምም የለው።"

"ታይል ያብባል?" አለችው።

"እማ፣ ቀልድ አይደለም እኮ።"

"እኔም አልቀለድኩም። አባትህ ግቢ ውስጥ አበባ ሲተከል እንጂ ታይል ሲነጠፍ አይቼ አላውቅም። በል ደህና ዋል፣ የኔ ጌታ፤ ሥራህን ሥራ" ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

የልጅስ ቀላል ነው። ከባዱ የእትዬ ባንቺአየሁ ነው። እትዬ ባንቺአየሁ ከመንገዱ ማዶ፣ በር ለበር የሚኖሩ ጎረቤቷ ናቸው፤ በዕድሜ ታላቋ፣ በወሊዷም በሐዘኗም ከጎኗ ያልጠፉ። የማርያም ማኅበራቸው ሙሴም እሳቸው ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩት፣ ጽዋው ቀጥሎ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ጽዋው በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ዝክሩ ሲያልቅ ማኅበርተኛው ወደ ባለተራዋ ቤት በእልልታ ይሸኘዋል፤ አንዴ ከገባ ወሩ ሞልቶ ድግሱ ሳይበላ አይወጣም። ተራዋ ደርሶ ጽዋው የዘለላት ሴት ከማኅበሩ ወጣች ማለት ነው። ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሞት ደረቱን የሚደቃላት የለም። ለብቻዋ ለምትኖር ሴት ይህ ቀልድ አይደለም። የግንቦት ተራ ደግሞ የንግሥቴ ነበር።

እትዬ ባንቺአየሁ አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ መጡ። አልገቡም።

"ንግሥቴ፣ ያን ነገር ንቀይው።"

"የቱን፣ እትዬ?"

"የቱን ትለኛለች። የመቃብሩን ነዋ።"

"እሬት ነው እንጂ መቃብር አይደለም። የሞተው ባሌ ነው፤ እሬቱ ሕያው ነው፤ ይኸው ያበበውን አይተውታል።"

"አይቼዋለሁ። ባላየው ነበር የሚሻለኝ። ካልነቀልሽው ጽዋው በዚህ በር አይገባም፤ ይኼን እወቂ" አሉና ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሄዱ።

ንግሥቴ ቀኑን ሙሉ ስፌት ይዛ አንድ ዙር አልጨረሰችም። ሆዷ ባባ። ይርሳው የታመመ ጊዜ እኒህ ሴትዮ ናቸው አጥሚት አፍልተው ያጠጡት፤ ሲሞት ዓይኑን የከደኑትም እሳቸው ናቸው። እንዴት ያስቀይማል እንዲህ ያለ ሰው? ዶማውን አንስታ በቀጭኑ መንገድ መሐል ድረስ ሄደች። እሬቱ አጠገብ ቆመች። ከዚያ ንዴቷ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ አበባውን አደረቀችው አሉኝ፤ አሁን ደግሞ አበባ አበቀለች ብለው ያባርሩኛል። በየትኛው ልደር? ዶማውን ተሸክማ ተመለሰችና ከበሩ ኋላ አቆመችው።

ሚያዝያ ሃያ አንድ ዝክሩ እትዬ ባንቺአየሁ ቤት ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ፤ የማኅበሩ አባት መሪጌታ እንድሪያስ ጸሎቱን አደረሱ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሞሰብ ላይ ተቀምጧል፤ ሞሰቡን የሰፋችው ንግሥቴ ናት። ጽዋው የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። እትዬ ባንቺአየሁ ዓይናቸውን ከምድር ሳያነሱ "ተራው የንግሥቴ ነበር" አሉ። "ነገር ግን ግቢዋ እንዳያችሁት ነው። ያ እሬት ካልተነቀለ ጽዋው ወደዚያ አይሄድም። ለቀጣይዋ ይለፍ።"

ንግሥቴ ተነሳች።

"እኔ አልነቅለውም፣ እትዬ። በእጄ የተከልኩትን በእጄ አልነቅልም። ከናንተ መነቀል አለበት የሚል ካለ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ዶማም አለኝ። የነቃዩን እጅ አልይዝም። ከተነቀለ በኋላ ጽዋዬን ስጡኝ።"

እርስ በርስ ተያዩ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጎተት አድርገው "እንግዲህ ይኼ ፍርድ ነው" አሉ። ጽዋው ተነሳ፤ ጥላ ተዘረጋለት፤ መንገዱን ተሻገሩ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ የጽዋ ሽኝት ታይቶ አያውቅም፤ ሁሉም ለቅሶ የሚሄድ ይመስል ነበር።

በሩ ላይ ንግሥቴ ዶማውን አውጥታ ያዘችና ለመጀመሪያዋ ሴት ዘረጋችላት። ሴትዮዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ለሁለተኛዋ ዘረጋች፤ እሷም ወደ ኋላ ሸሸች። የመቃብር እሬት ማን ደፍሮ ይነካል? የሟች ወቀሳ ይመጣል ብለው ይፈራሉ። ሲያማ ያልፈራ ሰው ሁሉ ዶማ ሲያይ ፈራ። በመጨረሻ እትዬ ባንቺአየሁ ዶማውን ከእጇ መነጨቁት።

"እኔ እነቅለዋለሁ" አሉ።

ቀጥታ መሄጃ የለም። እሬቱ ያለው መሐል ነው፤ መሐል የሚገባው ደግሞ ያ የሚዞረው መንገድ ነው። እትዬ ባንቺአየሁ ዶማቸውን ተሸክመው ዞሩ። የስንደዶው ዛላ ጉንጫቸውን ነካቸው። አሪቲውን ቀሚሳቸው ሲያሻሸው ሽታው ግቢውን ሞላው። ዞሩ፤ እንደገና ዞሩ፤ ጦስኙን ረግጠው መሐል ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ንብ አበባውን ከብቦ ያነበንባል። ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው ዶማውን ሰነዘሩት። ገረጋንቲው ተፈናጠረ። እሬቱ ሥሩ ጥልቅ አልነበረምና ከነአበባው ተነቅሎ ጦስኙ ላይ ተጋደመ።

ንግሥቴ ቃሏን ጠበቀች፤ አልተንቀሳቀሰችም። መሪጌታ ጽዋውን ይዘው በቀጥታው መንገድ ወደ ቤት ገቡ፤ ሴቶቹ አሁን እልል አሉ። ንግሥቴ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው፤ ካዘጋጀችለት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። መሪጌታ ባረኳት፤ "የከርሞ ሰው ይበልሽ" አሏት፤ ሴቶቹ "አሜን" አሉ። ጠላ ሊቀዳ ነው።

ንግሥቴ ወጣች።

በቀጭኑ መንገድ ዞራ መሐል ደረሰች። ተንበረከከች። የተጋደመውን እሬት በሁለት እጇ አንስታ ከዚያው ጉድጓድ መልሳ አቆመችው፤ አፈሩንም በመዳፏ ትሰበስብለት ጀመር። ውኃ አላመጣችም። እሬት ነው፤ ወር ሙሉ ድንጋይ ላይ ቢጣል አይሞትም፤ የአንድ ጊዜ ዶማ ምን ያደርገዋል።

"ኧረ ይችን ሴት እዩዋት" አለች አንዷ ከበሩ ላይ። ሴቱ ሁሉ ግር ብሎ ወጣ።

"ጽዋው ይመለስ" አለች ሌላዋ።

"ጽዋው ገብቷል" አሉ መሪጌታ ከውስጥ፣ ጠላቸውን እንደያዙ። "የገባ ጽዋ ወሩ ሳይሞላ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችኋል?"

እትዬ ባንቺአየሁ ግን በዚያው በሚዞረው መንገድ ተመልሰው መጡና ከንግሥቴ በላይ ቆሙ። ጥላቸው እሬቱ ላይ ወደቀ።

"ቃልሽ እንዲህ ነበር?"

"ሲነቀል እጅ አልይዝም አልኩ፤ አልያዝኩም። ይኸው በእጅዎ ነቀሉት። መልሼ አልተክልም ግን አላልኩም" አለች ንግሥቴ ቀና ሳትል። "ነገም ቢነቅሉት ነገም እተክለዋለሁ።"

የሚጮኹባት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች። አልጮኹም። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

"ከቤቴ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በልጄ በመስከረም መቃብር ላይ ያለውም እንዲህ ያለ ነው። በየጠዋቱ ልጄን የምቀብራት ይመስለኛል፣ ንግሥቴ። አንቺ ይኼን አላሰብሽም።"

መስከረም የእትዬ ባንቺአየሁ የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ በወሊድ ሞታ ነው የተቀበረችው፣ ከይርሳው ትንሽ ወረድ ብሎ። ንግሥቴ እጇ አፈሩ ውስጥ ቀረ። እውነት ነው፤ አላሰበችም።

"አላወቅሁም፣ እትዬ። እመቤቴን አላወቅሁም" አለች። ዓይኗ ሞላ። ከዚያም እንደዚያው እንደሞላ ቀና ብላ አየቻቸው። "ግን አልነቅለውም። እኔ እሱን 'ደህና አደርክ' የምለው እዚህ ነው። መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ከማልቀስ በቀር ምንም አይሆንልኝም። እዚህ ግን ሲያብብ አየዋለሁ።"

"መቃብር ላይም ያብባል?"

"ምነው፣ የመስከረም በየዓመቱ ያብባል እኮ። አይተውት አያውቁም?"

እትዬ ባንቺአየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚያ ስሄድ ቀና ብዬ አላይም" አሉ።

ሴቶቹ ከበሩ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ የሚናገሩትን ለመስማት አንገታቸውን አስግገዋል። ንግሥቴ የቀረውን አፈር ገፍታ ጉድጓዱን ደፈነችው። እሬቱ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ።

"ሥሩን አላጠበቅሽውም" አሉ እትዬ ባንቺአየሁ። "ነፋስ ይጥለዋል።"

"ይጥለዋ።"

"ወግጂ እስቲ።"

ንግሥቴን በጉልበታቸው ገፋ አደረጓትና ቀሚሳቸውን ሰብስበው አፈሩን በተረከዛቸው ይረግጡት ጀመር፤ ዙሪያውን፣ ደጋግመው፣ እንደ ተናደደ ሰው። እሬቱ ቀና አለ።

"አሁንም አልወደድኩትም" አሉ።

"አይውደዱት" አለች ንግሥቴ።

እትዬ ባንቺአየሁ ገረጋንቲውን ከጫማቸው ላይ አራገፉ። ንግሥቴ ተነስታ ክንዳቸውን ያዘቻቸው፤ ጠላው እየጠበቀ ነውና ወደ ቤት ልታስገባቸው ነው። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ቀዩን አበባ አዩት።